ሳይነገረኝ የተቀየሩ ጎማዎች

በውድድሩ ዘጠነኛ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ላይ፣ «ሦስት መቶ ሜትር ይቀረናል፤ ከዚያ ወደ ግራ የሚታጠፍ ከባድ ኩርባ» ብዬ ከመንገድ መጽሐፉ ሳነብ ኩርባው ከፊታችን ነበር። ሦስት መቶ ሜትር አልቀረንም። ሠላሳም አልቀረንም። ወንድሜ ፍሬን ያዘ፤ የኋላ ጎማዎቹ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ፤ መኪናዋ በእኔ በኩል ጎኗን ሰጥታ ከመንገዱ ወረደች።

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በዚያች ደቂቃ ስለሆነ ኑዛዜዬንም ከዚያች ደቂቃ ጀመርኩ። ኑዛዜውን የሚጽፉልኝ ጸሐፊ ብዕራቸውን አንሥተው «ልጄ፣ ኑዛዜ የሚጀመረው በቀኑና በአእምሮ ጤንነት ነው» ብለውኛል። ልክ ናቸው፤ እነሆ።

ዛሬ ሐሙስ የካቲት አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ በሴቶች የአጥንት ክፍል፣ በመስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተኝቼ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ አእምሮዬ ሳይደፈርስ፣ ምላሴ ሳይተሳሰር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን እናገራለሁ። የቀትሩን የማስታገሻ መርፌ አልወሰድኩም። ለዚህ ተረኛዋ ሲስተር ምስክር ናት። በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ «መድኃኒቱ ነው ያናገራት» እንዳይል ነው፤ እንደሚልም ስለማውቅ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ጀርባዬ ይከፈታል። የአከርካሪዬ ስባሪ ነርቬን ተጭኖታል፤ ከጉልበቴ በታች የሚሰማኝ ነገር የለም። ሳንባዬም ስለተጎዳ ከሰመመኑ ላልነቃ እንደምችል ሐኪሙ ነግሮኛል። ዳር ዳር ሳይል ነገረኝ፤ አመሰግነዋለሁ። በእነዚህ ሃያ ሦስት ቀናት ዓይኔን እያዩ እውነት የነገሩኝ ሰዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሥራዬ መለኪያን መለካት ነው። የገበያ ሚዛን፣ የነዳጅ ማደያ ቆጣሪ፣ የጨርቅ ነጋዴ ሜትር ልክ መሆኑን መርምሬ ማኅተም አደርጋለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ማኅተሜ ተሳስቶ አልተመለሰም። አሁን ግን በከተማው ሁሉ «አሥር ኪሎ ሜትር መቁጠር አቅቷት ወንድሟን ልትገድል ነበር» ይባልልኛል። መሥሪያ ቤቴም «ነገሩ እስኪጣራ» ብሎ ማኅተሜን አስመልሶኛል። ይህን ኑዛዜ የሚሰማ ሁሉ የማወርሰው ዕቃ ጥቂት እንደሆነ ይወቅ፤ ዋናው የምተወው ምስክርነቴ ነው። ቅዳሜ ካልነቃሁ የወንድሜ ቃል ብቻውን ይቆማልና።

ስለ መኪናዋ።

መኪናዋን የሰጠችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። አዋላጅ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያች መኪና ምጥ ወደ ያዛት ሴት ሁሉ ስትሮጥ ኖራለች። ዕድሜዋ ሲገፋ መኪናዋም አብራት ቆመች፤ ዶሮዎች የኋላ መቀመጫዋ ላይ ዕንቁላል ይጥሉ ጀመር። ወንድሜ «ይህን ብረት ለብረት ለቃሚ ስጡትና ግቢው ይጽዳ» ሲል፣ እኔ «ለእኔ ስጪኝ» አልኳት። በሦስት ምስክሮች ፊት ጽፋና ፈርማ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ከዚህ ኑዛዜ ጋር ተያይዟል።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት ቅዳሜና እሑድ የሚባል ነገር አላውቅም። ካምቢዮዋን ሁለት ጊዜ አውርጄ ሁለት ጊዜ ሰቅያለሁ። ፍሪሲዮኗን፣ ካርቡራተሯን፣ የበሯን እጀታ ሳይቀር በእጄ ነው ያዳንኩት። ወንድሜ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ወደ ጋራዡ የመጣው አራት ጊዜ ነው፤ ሦስቱን ክሪክ ሊዋስ። አራተኛው ሞተሩ የተነሣ ዕለት ነበር፤ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ፎቶ ተነሣ።

የጥንት መኪኖች የረጅም መንገድ ውድድር እንዳለ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ቀን፣ ሦስት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ሜትር። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ያደረሰው ግን እሱ ነው። ሲመለስ «ሹፌር» በሚለው ሣጥን ውስጥ የእሱ ስም፣ «ረዳት» በሚለው ውስጥ የእኔ ስም ተጽፎ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሰውየው ሹፌሯ ሴት ናት ስለው ሳቀ። ባንቺ ከማሳቅ ብዬ ነዋ።»

«እና እሱ ሳቀ ብለህ እኔን ሰረዝከኝ?»

«ኧረ የኔ እህት፣ ዋናው ሥራ እኮ የረዳቱ ነው! እኔማ መሪ ይዤ መቀመጥ ነው።»

ያለው እውነት ነበር፤ የሚያሳርረኝም ይህ ነው። ይህ ውድድር የፍጥነት አይደለም። በየጣቢያው በተወሰነችው ሰከንድ መድረስ ነው፤ የቀደመም የዘገየም እኩል ይቀጣል። መንገድ ነጋሪዋ የመንገድ መጽሐፉን፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንና የሰዓት መቁጠሪያውን ይዛ «ጨምር፣ ቀንስ፣ ታጠፍ» ትላለች። ሹፌሩ ይሰማል። ቆጣሪው ደግሞ የሚቆጥረው መንገዱን አይደለም፤ የጎማውን መዞር ነው። ጎማው ትንሽ ቢተልቅ መኪናዋ ብዙ ትሄዳለች፣ ቆጣሪው ግን ትንሽ ሄደች ይላል።

ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ከሥራ ባልደረባዬ፣ በመሥሪያ ቤታችን «ሚሊሜትር» ከምንላት ጋር፣ ሜዳ መንገድ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በብረት ሜትር ለካን። ጎንበስ ብለን፣ በኖራ እያመለከትን፣ ግማሽ ቀን። ከዚያ መኪናዋን አምስት ጊዜ አስኬድናትና ቆጣሪውን ከጎማው ጋር አስተካከልን። በሹፌሩ ፊት ለፊት ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ጎማ የሚነካ ሰው አስቀድሞ ለእኔ ይናገር።»

ወንድሜ አንብቦ ሳቀ። «ንፋስ ለመሙላትም ማመልከቻ ላስገባ? ስንት ኮፒ?»

«ሁለት» አልኩት። ያኔ ገና ይቀለድ ነበር።

ሠላሳ አንድ መኪኖች ተነሣን። በስምንተኛው ቀን ማታ ሁለተኛ ነበርን፤ ከአንደኛው በአሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ ተበልጠን። በዚያ ከተማ አንድ ጎማ ነጋዴ ነበር። እኔ የማግስቱን ገጾች ሳሰላ፣ ወንድሜን ሱቁ ወስዶ «በእኔ ጎማ ጨርስ፤ ምስልህን ሱቄ በር ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የሚመጣውን ዓመት የውድድር ወጪ በሙሉ እኔ እችልልሃለሁ» አለው። የእኛ ልክ ግን አልነበረውም። ወንድሜ «ቅርብ» የሆነውን ወሰደ፤ ለኋላ ሁለት፣ በቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ። በውድድሩ ሕግ ጎማ የቀየረ ማስመዝገብ አለበት፤ የጎማ ልክ የቀየረ ደግሞ ስልሳ ሰከንድ ይቀጣል። አላስመዘገበም።

ይህን የሰማሁት ጎማውን ከገጠመው ጎሚስታ ነው። ከአደጋው በኋላ አንድ ሳምንት ቆይቶ፣ አሮጌዎቹን ጎማዎች በአውቶቡስ ጭኖ እዚህ ድረስ መጣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አልጋዬ ግርጌ ቆመ።

«‹ይሄ እኮ ልኩ አይደለም› አልኩት» አለኝ። «‹ቅርብ ነው› አለኝ። ‹ለእህትህ ነግረሃታል?› ስለው ደግሞ ‹እሷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሰማች ስታሰላ ነው የምታድረው፤ ነገ ልትተኛብኝ ነው፤ ተዋት ትረፍ› አለኝ። እኔም ላንቺ ያሰበ መሰለኝና ገጠምኩት። እግዜር ይይልኝ፣ እኔም እንደ ሰው አመንኩት።»

«እኔም እንደ ሰው አመንኩት» አልኩት።

ምክንያቱም ጠይቄው ነበር። ጥፋቴን አልደብቅም፤ እዚህ ላይ ነው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መኪናዋን አስነሥቶ ያመጣልኝ እሱ ነበር። የኋላ ጎማዎቿን ፓራፋንጎው ግማሽ በግማሽ ይሸፍናቸዋል፤ በዚያ ላይ አቧራ። አላየሁም። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው የውኃ ጋን ስንደርስ ግን ቆጣሪው መቶ ሃያ ሜትር ጎደለው።

«ጎማ ነክተሃል?»

«አልነካሁም።»

«መቶ ሃያ ሜትር ጎድሎብኛል እኮ።»

«መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ተሳስተው ነዋ! ሰው ሁሉ እንዳንቺ በሚሊ ሜትር የሚኖር መሰለሽ?»

«እማዬ ትሙት በል።»

«እማዬ ትሙት!» አለ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

መለኪያዬ አንድ ነገር እየነገረኝ የወንድሜን መሐላ አመንኩ። ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ «እናቴ ትሙት ሚዛኔ ልክ ነው» ቢለኝ ስቄ ክብደቱን እሰቅልበት ነበር። ለወንድሜ ግን አልሰቀልኩበትም። ከጋኑ ቀጥሎ ያለው ድልድይ ላይ ቆጣሪውን እንደ ደንቡ ወደ ዜሮ መለስኩት። ከድልድዩ ወዲያ ምልክት የሌለው ሜዳ ነው፤ ኩርባው አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ቆጣሪው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሰባት መቶ ሲል አነበብኩ። መኪናዋ ግን አሥሩን ጨርሳ ነበር። ወንድሜ ውሸታም ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ብዕራቸውን አሳረፉ።

«‹ውሸታም› የሚለውን ቃል ኑዛዜ ላይ ባናስገባው» አሉ። «‹እውነቱን ያልገለጸ› ብንለውስ?»

«አልገለጸም አይደለም አባቴ። ተጠይቆ ነው የዋሸው። ይጻፉት።»

«ጻፍልኝ አለች፤ ጻፍ!» አሉ ከጎረቤት አልጋ እትዬ ዳይሬክተር፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ የተኙ የቀድሞ የትምህርት ቤት ኃላፊ ናቸው። «አርባ ዓመት ‹እውነቱን ያልገለጸ› ልጅ አሳልፌ አላውቅም። ውሸታም ነው የምለው።»

ተጻፈ። አሁን ወደ ድልድሉ።

አንደኛ፣ መኪናዋን ለሚሊሜትር አውርሻታለሁ። አሁን የቆመችው በአዘጋጆቹ ግቢ ውስጥ ነው። ወንድሜ «ሹፌሯ እኔ ነኝ፤ ወስጄ ላሠራት» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ሊያሠራት አይደለም፤ ጎማዎቹን ሊያወጣ ነው። የእኔ ስለሆነች ከዛሬ ጀምሮ፣ የሞቴን ወሬ ሳይጠብቅ፣ ከሚሊሜትር በቀር ማንም እንዳይነካት። እሷም የውድድሩ ኮሚቴ ሰዎች በተገኙበት የኋላ ጎማዎቹን ዙሪያ በብረት ሜትር ትለካ፤ የአሮጌዎቹንም ትለካ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ ታስፈርም። የተጨማደደው ቀኝ ጎኗ እስከዚያ አይቃና። ከዚያ በኋላ ትንዳት። ቀለሟን ግን እንዳትቀይር፤ አክስቴ ያንን አረንጓዴ የመረጠችው የምጥ ቤት ሰዎች ከሩቅ እንዲለዩዋት ብላ ነው።

ሁለተኛ፣ የሰዓት መቁጠሪያዬን የአሥራ አራት ቁጥር መኪና ባልና ሚስት ይውሰዱት። ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው፤ ውድድር ላይ «ሽማግሌዎቹ» እንላቸው ነበር። ከአደጋው በኋላ አራት መኪኖች ቀንሰው አይተውን አልፈዋል፤ ሰዓት እየቆጠረባቸው። አሥራ አራት ቁጥር ቆመች። ሚስትየዋ የኋላ መቀመጫ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገቴን በሁለት መዳፏ ይዛ፣ «እንዳትነቃነቂ ልጄ፤ ቁጠሪ፤ ቁጥር ታውቂያለሽ አይደል፣ ቁጠሪልኝ» እያለች ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ስንደርስ ክንዷ አልዘረጋ ብሎ ነበር። ከውድድሩ ወጡ። ዕዳ አለብኝ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የሚከፈልም አይመስለኝም። የሚቀጥለውን ዓመት በእኔ ሰዓት ይሮጡ።

ሦስተኛ፣ መፍቻዎቼን፣ ሦስቱን ሣጥን፣ ለጎሚስታው ልሰጥ አስቤ ነበር። ጸሐፊው «ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም» አሉ። ጎሚስታው ዛሬም ለምስክርነት ተመልሶ መጥቷል፤ ሣጥኖቹን ያውቃቸዋል፤ በሕይወቱ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ይዞ አያውቅም። «መፍቻው ይቅር፤ ልፈርም» አለ። ስለዚህ መፍቻዎቼ ለሙያ ማሠልጠኛው የሴት ተማሪዎች ይሰጡ። እሱ ያጣውን ልጻፍለት እንጂ ልከፍለው አልችልም።

አራተኛ፣ አባባ።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ አንድ አደጋ ሳያደርስ ጡረታ ወጥቷል። በእሱ ዘንድ መሪ የጨበጠ አይሳሳትም፤ የተሳሳተ ካለ መንገድ የነገረ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከወንድሜና ከእማዬ ጋር መጣ። ወረቀት ይዘዋል። «ርቀቱን አሳስቼ በመናገሬ ለደረሰው አደጋ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ይላል። ከታች ለፊርማዬ ቦታ ተትቶልኛል። ኮሚቴው በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል፤ እኔ ከፈረምኩ ወንድሜ ነፃ ነው፤ ካልፈረምኩና ጎማው ከታወቀ ለዘለዓለም ይታገዳል።

ወንድሜ መስኮቱን እያየ ቆመ። የተናገረው አባባ ነው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ሰው ይሳሳታል።»

«ታዲያ እሱ ተሳሳትኩ ብሎ ይፈርማ።»

«እሱ ገና ብዙ ይነዳል። አንቺ ከእንግዲህ...» አለና ብርድ ልብሱን አየ፤ እግሬ ያለበትን። «አንቺ ከእንግዲህ ውድድር አትሄጂም። ምን ይጎድልብሻል?»

ወንድሜ ያኔ ዞር ብሎ «ተዋት አባባ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፤ ጠበቅኩ። ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ኮርቻውን ይዞ ከኋላዬ እየሮጠ ጉልበቱ ተልጦ ደም ሲወርደው «አልለቅሽም፣ አይዞሽ» ይለኝ ነበር፤ አልለቀቀኝምም። እዚያ መስኮት አጠገብ የቆመው ያው ሰው ነበር። አልዞረም።

«ብዕሩን ስጧት» አለ አባባ።

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ፈለጉ፤ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ ሲስተርን ጠየቁ። እማዬ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች።

«አንቺ፣ አሁን እዚህ አልነበረም እንዴ?» አላት አባባ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እማዬ። «የናንተን ብዕር እኔ ምን አውቃለሁ።»

ለአባባ ያልተፈረመውን ወረቀት አወርሰዋለሁ። ትራሴ ሥር ነው። በ«ምን ይጎድልብሻል» ፋንታ የጎደለኝን በባዶው ቦታ ላይ ራሱ ይጻፍበት። ምክሬም ይህ ነው፤ አባባ፣ አደጋ ያላደረሰ ሁሉ በትክክል የነዳ አይደለም፤ አንዳንዱን ሌሎች ይጠብቁለታል። አንተን ትኬት ቆራጭህ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮት ብቅ እያለ «ና፣ ና፣ በቃ» ይልህ ነበር። እሱን አምነኸው ነው ያልገጨኸው። እኔንም በዚያ ልክ ታምነኛለህ ብዬ አስቤ ነበር።

አምስተኛ፣ ልብሶቼ፣ መጽሐፎቼና የክፍሌ ቁልፍ የእማዬ ናቸው። እማዬ፣ ብዕሩ ቦርሳሽ ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ። ያንን ያደረግሽልኝን ዕድሜ ልኬን፣ ሁለት ቀንም ቢሆን፣ አልረሳውም። ግን ወንድሜ የማለው በአንቺ ሞት ነው። ልጅሽ ለሁለት ጎማ ሲል ትሙት ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ ይህን ከእኔ ሰምተሽ ብዕር ትደብቂያለሽ። ካንቺ ብዙ ነገር ወርሻለሁ፤ ጸጉሬን፣ ግትርነቴን፣ ቁጥር መውደዴን። ዝምታሽን ግን ከእነዚህ ጋር አልወረስኩትም። ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ ማክሰኞ ዕለት በዚህ ክፍል የሰማሽውን አንድ ጊዜ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ። ሌላ ለቅሶ አልፈልግም።

ስድስተኛ፣ ወንድሜ።

ጸሐፊው «ከውርስ ነቅለሽዋል ልበል?» ብለው ጠየቁ። አይደለም፤ ድርሻ አለው። ሁለቱ አዳዲስ ጎማዎች፣ ከተለኩና ከተፈረመባቸው በኋላ፣ የእሱ ናቸው። የመረጣቸው እሱ ነው፤ በእነሱ ይሂድ። የመንገድ መጽሐፉን የዘጠነኛ ቀን ገጽም ይውሰድ፤ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ በእርሳስ ያሰመርኩበት «ቀስ» የሚል ቃል አለ። ለእሱ ነበር የጻፍኩት።

ብሞት በመቃብሬ ላይ እንዳይናገር። የሬሳ ሣጥኔን ይሸከም፤ ትከሻው ጠንካራ ነው፤ አፉን ግን አይክፈት። ይቅር እንዳልኩትም ማንም በእኔ ስም አይንገረው። ይቅርታ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት፣ እላለሁ። ነገር ግን አልጠየቀም፤ ወረቀት ይዞ መጣ።

ይህ የመጀመሪያዬና የመጨረሻዬ ኑዛዜ ነው፤ የሚሽረው ሌላ የለም። ጸሐፊው «ቅዳሜ በደኅና ከነቃሽ ግን ዋጋ አይኖረውም፤ ኑዛዜ ለሞት ነው» ብለው አስጠነቀቁኝ። እንግዲያው ከነቃሁ የምስክርነት ቃሌ ሆኖ ለኮሚቴው ይቅረብ። ይህንኑ አስጽፌ፣ ከላይ እስከ ታች በአራቱ ፈራሚዎች ፊት ሁለት ጊዜ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ሰማሁ፣ እጄ ያለበት ነው፤ አሮጌዎቹን ያወረድኩ፣ አዲሶቹን የገጠምኩ እኔ ነኝ። ጎሚስታው፣ ፊርማ።

አእምሮዋ ከብዙ ጤነኛ ተብዬ የጠራ መሆኑን አይቻለሁ። በጎረቤት አልጋ ላይ ያለሁ የቀድሞ ዳይሬክተር፣ ፊርማ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወዲህ ምንም ዓይነት ማስታገሻ አልተሰጣትም፤ የሕክምና ካርዷን አይቼ አረጋግጫለሁ። ተረኛ ነርስ፣ ፊርማ።

እንደ ቃሏ ጻፍኩ፤ ላለዝበው የሞከርኩትንም አልፈቀደችልኝም። ጸሐፊ፣ ፊርማ።

ከዚህ በታች ያለውን በገዛ እጄ እጽፋለሁ።

ረዳት ተብዬ መጻፍን ከእንግዲህ አልቀበልም። «ወንድምሽ ነው» የሚለውን ቃል እንደ መልስ አልቀበልም፤ ወንድሜ መሆኑን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የቆሰልኩትም ለዚያ ነው። መተኛቴን እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ሰው አልጋዬ አጠገብ እንዲቀመጥ አልቀበልም። ሞትን፣ ከመጣ፣ እቀበላለሁ፤ እሱ ቢያንስ ፈርሚልኝ አይልም። የሌላ ሰው ውሸት ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ በእኔ እውነት እንዲታጠብ ግን፣ ቆሜም፣ ተቀምጬም፣ ሞቼም አልቀበልም።

ተናዛዥዋ፣ ፊርማ።